እጅህ ያልዳሰሰውን አፍህ አይመስክር

ውድ አንባቢ! ለመሆኑ «አላውቅም» የምትለው አጭር ቃል ከአፍዎ ሳትወጣ ቀርታ ዋጋ ያስከፈለችዎት ጊዜ ይኖር ይሆን? እኔን አስከፍላኛለች። እኔ ብቻ ብከፍል ደግሞ ባልከፋ ነበር፤ ምንም ያላጠፋ ሌላ ሰው አብሮኝ ከፍሏል። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሳሁትም በሩቅ አገር ስለ ተማርኩት ረቂቅ ትምህርት ለማውጋት ብቻ አይደለም። ትምህርቱ በመጽሐፍ ካስተማረኝ ይልቅ በስህተቴ ያስተማረኝ ስለበለጠብኝ፣ እርስዎም እንዲካፈሉኝ ብዬ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። አባቴ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግን ነበር። ሱቁ ከአንድ ጠባብ ክፍል የማትበልጥ ስትሆን፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሆዳቸው በተከፈተ ሬዲዮኖች የተሞላ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ እየተቀመጥኩ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፤ እሱም የብየዳው ጭስ ዓይኑን እያጨናበሰው ሥራውን ይሠራል። አንድ ሬዲዮ ተጠግኖ መናገር ከጀመረ በኋላ እንኳ አባቴ ክዳኑን ወዲያው አይገጥምም ነበር። እያንዳንዷን የበየዳትን ሽቦ በጣቱ ጫፍ ቀስ አድርጎ ይጎትታል።

«አባዬ፣ እየሠራ አይደል እንዴ? ለምን ትነካካዋለህ?» ብዬ አንድ ቀን ጠየቅሁት።

«አሁንማ ይሠራል» አለኝ። «ሰውየው ተሸክሞት፣ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ በመኪና ሲንገጫገጭ ኮምቦልቻ ሲደርስስ? ልጄ፣ እጅህ ያልዳሰሰውን አፍህ አይመስክር።»

ያኔ የሽማግሌ ወግ መስሎኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊዚክስ አጠናሁ። በተማርኩበት ቦታ የሙከራ መሣሪያ እምብዛም ስላልነበረ ብዙው ነገር የሚሠራው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነበር። መምህሩ መሣሪያውን በጠመኔ ይስልልናል፤ እኛም ውጤቱን በቀመር እናወጣለን። እኔ ደግሞ በቀመሩ በኩል ጎበዝ ነበርኩና ይህ ቅር አላሰኘኝም። እንዲያውም እውነቱን ልናገርና፣ በእጅ የሚሠራ ነገር ሁሉ ከእኔ ደረጃ በታች እየመሰለኝ መጣ። ጓደኞቼ «አባትህ ምን ይሠራል?» ሲሉኝ «ነጋዴ ነው» የምልበት ጊዜ ነበር። ሬዲዮ ጠጋኝ ማለት ከበደኝ።

በመጨረሻም ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ሙኒክ ከተማ አቀናሁ። የማጠናው የኳንተም ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ነበር። ይህን ትምህርት የከተማዋ ሁለት ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ ከ2020 ጀምሮ በጋራ ይሰጣሉ። የሁለት ዓመት ትምህርት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው የክፍል ትምህርት፣ ሁለተኛው ደግሞ የምርምር ነው።

እናቴ በስልክ «ልጄ፣ ይህ ኳንተም የምትለው ምንድን ነው?» እያለች ደጋግማ ትጠይቀኝ ነበር። እርስዎም ጠይቀው ይሆናልና ለእሷ የነገርኳትን ያህል ልንገርዎት።

ዘይት ሲቀዳ ሳይቆራረጥ ይወርዳል። ስንዴ ግን ከሩቅ ሲያዩት እንደ ዘይት የሚፈስ ቢመስልም፣ ቀረብ ሲሉ እያንዳንዱ ፍሬ ለየብቻው ነው። ማክስ ፕላንክ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ በ1900 የደረሰበት ነገር ይህን ይመስላል። ብርሃንና ሙቀት ከቁስ ጋር ጉልበት ሲለዋወጡ እንደ ዘይት ሳይሆን እንደ ስንዴ፣ በፍሬ በፍሬ ነው። ያች ፍሬ ኳንተም ተባለች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሠላሳ ዓመታት የረቂቁ ዓለም ሕግ ከምናየው ዓለም ሕግ የተለየ መሆኑ እየታወቀ ሄደ።

ይህ እውቀት ሥራ ላይ ከዋለ ውሎ አድሯል። እ.ኤ.አ በ1947 የተፈለሰፈው ትራንዚስተር የተሠራው በዚሁ ሳይንስ ነው። ሌዘርም እንዲሁ። እንግዲህ የአባቴ ሱቅ ግድግዳ ሙሉ ኳንተም ተደርድሮበት ነበር ማለት ነው! ዳሩ ግን ያኔ ሰው የሚጠቀምበት በጅምላ ነበር፤ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ኤሌክትሮኖችን እንደ ጅረት እየነዳ። የአሁኑ ቴክኖሎጂ አዲስነቱ በችርቻሮ መሆኑ ነው። አንዲትን አቶም፣ አንዲትን የብርሃን ፍሬ ለይቶ መያዝ፣ ማዘዝ፣ መጠየቅ።

ከዚህ ምን ይገኛል? እጅግ ትክክለኛ ሰዓት፣ እጅግ ደካማ የሆነን የመግኔት ኃይል የሚለይ መለኪያ፣ ሰላይ ሾልኮ ቢያዳምጥ የሚያስታውቅ የምስጢር መላላኪያ። ይህን የመጨረሻውን ቤኔትና ብራሳርድ የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ በ1984 አቅርበውታል። ከዚያም ብዙ የሚወራለት የኳንተም ኮምፒዩተር አለ። ፒተር ሾር እ.ኤ.አ በ1994 እንዳሳየው፣ በቂ ትልቅነት ያለው የኳንተም ኮምፒዩተር ቢሠራ ዛሬ የባንክና የመንግሥት ምስጢር ከሚጠበቅባቸው ቁልፎች ብዙዎቹን ይሰብራል። እንዲህ ያለ ትልቅ መሣሪያ እስካሁን አልተሠራም። ይሁንና በአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም እ.ኤ.አ በነሐሴ 2024 እሱን ይቋቋማሉ የተባሉ አዳዲስ የምስጢር ጽሑፍ ደረጃዎችን አውጥቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎት። «የኳንተም ኮምፒዩተር መልሱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሞክሮ ትክክለኛውን ይነግረናል» የሚል ወሬ ቢሰሙ አይቀበሉት። መሣሪያው በመጨረሻ ሲጠየቅ የሚሰጠው አንድ መልስ ብቻ ነው። የሙያው ጥበብ የተሳሳቱት መንገዶች እንደ ውሃ ላይ ሞገድ እርስ በርሳቸው እንዲጠፋፉ፣ ትክክለኛው ደግሞ እንዲበረታ አድርጎ ማሰናዳቱ ላይ ነው። ይህም ለሁሉም ጥያቄ አይሠራም፤ ለጥቂቶች እንጂ።

በሙኒክ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ቬርነር ሃይዘንበርግ በዚያው ከተማ እ.ኤ.አ በ1923 ለዶክትሬት ሲፈተን ገና ሃያ ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። በሒሳቡ በኩል አቻ አልነበረውም። ዳሩ ግን ቪልሄልም ቪን የተባሉት የሙከራ ፊዚክስ ፕሮፌሰር ስለ አጉሊ መነጽር የማጉላት ወሰን ጠየቁት፤ አልመለሰም። የተራ ባትሪን አሠራር ጠየቁት፤ አሁንም አልመለሰም። ፕሮፌሰሩ ሊጥሉት ደርሰው፣ አስተማሪው ዞመርፌልድ ተከራክረውለት በዝቅተኛ ውጤት አለፈ። ይህን ስሰማ ከልቤ ሳቅሁ። «ባትሪ አያውቅም፤ ታዲያ ምን ይሁን? እሱ ሃይዘንበርግ ነው!» አልኩ። በውስጤም የተጽናናሁ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ሰው መሣሪያ ካላወቀ፣ እኔስ ባላውቅ ምን አለበት ብዬ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ወደ አንድ ቤተ ሙከራ ተመደብኩ። በዚያ የሚሠራው ከጥፍር በማይበልጥ የሲሊከን ቁራጭ ላይ በተሠራ የአሉሚኒየም መስመር ነው። በመስመሩ መካከል ሁለት የአሉሚኒየም ንጣፎች ይገናኛሉ፤ የሚለያያቸውም ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ ወይም ሁለት ሚሊዮንኛ ብቻ የሆነ ስስ ሽፋን ነው። ይህ መስመር እጅግ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ያለ አንዳች መቋቋም ያልፍበታል፤ በውስጡ ያሉት ስፍር ቁጥር የሌላቸው ኤሌክትሮኖችም እንደ አንድ አካል ሆነው የረቂቁን ዓለም ሕግ ይከተላሉ። በእጅ በሚያዝ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ይህ እንደሚሆን እ.ኤ.አ በ1984 እና በ1985 በካሊፎርኒያ በሠሩት ሙከራ ያሳዩት ጆን ክላርክ፣ ሚሼል ዴቮሬና ጆን ማርቲኒስ እ.ኤ.አ በ2025 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

ቅዝቃዜው ለምን አስፈለገ? መስመሩ የሚርገበገበው በሰከንድ አምስት ቢሊዮን ጊዜ ያህል ነው። ያችን አንዲት የጉልበት ፍሬ ወደ ሙቀት ብንመነዝራት ከፍጹም ዜሮ በላይ የአንድ ዲግሪ ሩብ ገደማ ብቻ ትሆናለች። አካባቢው ከዚያ እጅግ ካልቀዘቀዘ የሙቀቱ ግርግር ያጠፋታል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሂሊየም በመቀላቀል የሚሠራ ማቀዝቀዣ እስከ 0.02 ዲግሪ ያወርደዋል። በከዋክብት መካከል ያለው ባዶ ሕዋ እንኳ ከፍጹም ዜሮ በላይ 2.7 ዲግሪ መሆኑን ሲያስቡት፣ በዚያች ክፍል ውስጥ ያለችው በርሜል ከሰማይ ሕዋ የበለጠ ትቀዘቅዛለች ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

በቤተ ሙከራው አንዲት የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። ሥራዋ እየተገባደደ ስለነበር ማቀዝቀዣውን ለመጠቀም የቀራት ተራ ጥቂት ነው። ለአዲሱ ሙከራ ገመዶቹን ስናገናኝ እኔ እንዳግዛት ተመደብኩ። ማያያዣዎቹ ጣት የማያህሉ ባለ ጥርስ ናስ ሲሆኑ የሚጠብቁት በልዩ መፍቻ ነው። መፍቻው የሚፈለገው መጠን ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ብሎ ይታጠፋል፤ ከዚያ በላይ አያጠብቅም፣ ከዚያ በታችም አያቆምም።

መፍቻውን እያቀበለችኝ «በዚህ ሠርተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ውድ አንባቢ፣ በእጄ ይዤው አላውቅም ነበር። ነገር ግን የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሆኜ፣ ከሩቅ አገር መጥቼ፣ ክፍል ውስጥ በቀመር እየተደነቅሁ፣ መፍቻ አላውቅም ልበል? «አዎ» አልኩ።

አብዛኞቹን አየት እያደረግኋት እንደ እሷ አጠበቅሁ። አንዷ ግን በሁለት የመዳብ ሳህኖች መካከል ጥግ ላይ የተሸሸገች ነበረችና መፍቻው አልገባ አለኝ። ልጠይቃት አሰብኩ፤ «ታውቃለህ አላልክም ወይ?» ትለኛለች ብዬ ተውኩት። በጣቴ አጥብቄ አለፍኩ። ከመዝጋታችን በፊት ሞገድ ልከን ስንፈትሽ በደንብ አለፈ። ተዘጋ፤ አየሩ ተመጠጠ፤ ማቀዝቀዝ ተጀመረ።

ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ሙከራው ሲጀመር ከእሷ ቁራጭ የሚመጣው መልስ የለም፤ ዝም አለ። ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራልና፣ በሞቃቱ ክፍል ተነካክቶ የነበረው ማያያዣ በብርዱ ተለያይቷል። ይህን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። እሷና ሌሎቹ ግን ማጉያው ተበላሽቷል ብለው መከራከር ያዙ። ማጉያውን አውጥተው እንዴት እንደሚፈትሹት ሲመክሩ አጠገባቸው ቆሜ አንገቴን እነቀንቅ ነበር። አንድ ሙሉ ቀን አለፈ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ሲከፈት ደግሞ ከሃያ በላይ ከሆኑት ማያያዣዎች ያችን ማን እንዳጠበቃት ማን ያስታውሳል?

ያን ምሽት ደሴ ደወልኩ። አባቴ አርጅቷል፤ ሱቁም የእጅ ስልክ ከበዛ ወዲህ ተዘግቷል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኩት። ስለ ቅዝቃዜው፣ ስለ ናሱ፣ ስለ መፍቻው። ዝም ብሎ ሰማኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ጎትተህ አየኸው?»

«አልጎተትኩትም አባዬ።»

ለጥቂት ጊዜ ድምፁ ጠፋ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለ። «ታዲያ ለእነሱ ንገራቸው እንጂ፤ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?»

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ሄጄ ጠበቅኋትና ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ማያያዣ ላልቶ ሁላችንም እናውቃለን» አለችኝ። «እኔም ራሴ ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ። የከፋኝ እሱ አይደለም። ጠይቄህ ‹አዎ› አልከኝ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ደግሞ አጠገቤ ቆመህ ዝም አልክ። ከእንግዲህ ‹አዎ› ስትለኝ ምን አድርጌ ልመን?»

መልስ አልነበረኝም።

ማቀዝቀዣው ሞቀ፣ ተከፈተ፤ ያች ማያያዣ በጣት ስትነካ የምትዞር ሆና ተገኘች። ተራው ለሌላ ቡድን ስለደረሰ እሷ ሦስት ሳምንት ጠበቀች። በማይተካ ጊዜዋ ላይ የወሰድኳቸው ሳምንታት ናቸው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ገመድ እንድነካ አልሰጠችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አጠገቧ እየቆምኩ ግን «ይህ ምንድን ነው? እንዴት ነው የሚደረገው? አላውቅም፣ አሳዪኝ» ማለት ጀመርኩ። ከሁለት ወር በኋላ ይመስለኛል፣ አንድ ቀን ምንም ሳትናገር መፍቻውን አቀበለችኝ። አጠበቅሁና እያንዳንዱን በጣቴ ጎተት አድርጌ አየሁ። ምን እያደረግሁ እንደሆነ ስትጠይቀኝ «አባቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው» አልኳት። ይህን ዓረፍተ ነገር ሳላፍር ስናገር ከዓመታት በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር።

የሃይዘንበርግን ታሪክ ዳግመኛ ያነበብኩት ከዚህ በኋላ ነው። በወሬ ሲነገር የሚዘለል ቀሪ ክፍል አለው። ያ ወጣት እ.ኤ.አ በ1925 አዲሱን የኳንተም ሒሳብ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ በ1927 ደግሞ ስሙን ያስጠራውን መርህ አወጣ፦ የአንዲትን ቅንጣት ቦታና ግስጋሴ ሁለቱንም አንድ ላይ ከአንድ ወሰን በላይ በትክክል መወሰን አይቻልም። ይህን ለማስረዳት የመረጠው ምሳሌ ምን ነበር መሰልዎት? አጉሊ መነጽር! ኒልስ ቦር ጽሑፉን ሲያይ በመነጽሩ ነገር ላይ ስህተት አገኘበት። ከአራት ዓመት በፊት በፈተናው የሳተው ያው ነገር፣ ሳይማረው ስላለፈው ተመልሶ መጣበት። ሃይዘንበርግም በማረሚያ ማስታወሻ ላይ የቦርን ነጥብ አምኖ ጻፈ። እኔ የሳቅሁት በዚህ ሰው ነበር፤ እሱ ግን ስህተቱን በጽሑፍ አምኖ አልፏል።

በመሠረቱ ይህ ትምህርት ራሱ «አላውቅም» ማለትን በቁጥር የሚያስተምር ነው። በቤተ ሙከራ የተለካ ማንኛውም ነገር ከጎኑ የስህተቱ መጠን ካልተጻፈ ማንም አይቀበለውም። «ይህን ያህል ነው» ማለት አይበቃም፤ «ከዚህ እስከዚህ ድረስ ልሳሳት እችላለሁ» ማለት ግድ ነው። ከዚህ ጋር ግን አንድ ነገር እንዳይደባለቅብዎት። ሃይዘንበርግ ያሳየው ወሰን ተፈጥሮ ራሷ ያሰመረችው ነው፤ ማንም ቢተጋ አያልፈውም። የእኔ አለማወቅ ግን በአንዲት ጥያቄ የሚወገድ ነበር። የመጀመሪያው የሚያሳፍር አይደለም። ሁለተኛውም አያሳፍርም ነበር፤ የሚያሳፍረው መደበቁ ነው።

በእጅ ሳይፈትሹ አለመመስከር የአባቴ ብቻ ወይም የአውሮፓ ብቻ ጥበብ አይደለም። በባስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ኢብኑል ሐይሠም ዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ በሆነው «ኪታቡል መናዚር» በተሰኘው ሥራው ብርሃን በቀጥታ መስመር መጓዙን በቃል ብቻ አላለፈውም። ጨለማ ክፍል አዘጋጅቶ፣ ብርሃን በቀዳዳ አስገብቶ፣ ደጋግሞ እየፈተነ ነው ያስረዳው። እኛ በትምህርት ክፍላችን ሌዘር ስናስተካክል በሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ውስጥ አሳልፈን ቀጥተኛነቱን እናረጋግጣለን። ያንኑ ነገር እያደረግን ነው።

ውድ አንባቢ! ምናልባት እርስዎ ወይም ልጅዎ ወደዚህ ትምህርት ለመግባት ያስቡ ይሆናል። እንግዲያው ከልምዴ ይህን ልበል። ሒሳቡን አጥብቀው ይያዙ፤ በተለይም ስለ ቬክተርና ማትሪክስ የሚያስተምረውን ክፍል፤ ያለ እሱ አንድ እርምጃ መሄድ አይቻልም። እጅዎንም አያቦዝኑት። በአገር ቤት ውድ ማቀዝቀዣ ባይኖር የተበላሸ ሬዲዮ አይታጣም። ሬዲዮ የከፈተ ልጅ ሞገድ ምን እንደሆነ፣ የላላ ሽቦ ምን እንደሚያደርግ በጣቱ ያውቃል። በሰፈርዎ የሚጠግን ሰው ካለም ልጅዎ አጠገቡ ቢቀመጥ ጊዜ አባከነ አይበሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ምላስዎን «አላውቅም» ያለማምዱት። ቀላል አይደለም። ከሩቅ የመጣ፣ ቤተሰቡ ተስፋ የጣለበት፣ «አይችልም» እንዳይባል የሚሰጋ ሰው ከማንም ይልቅ ይህች ቃል ትከብደዋለች። እኔ ዲግሪዬን አግኝቻለሁ፤ ወረቀቱ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ መደርደሪያ ላይ ደግሞ ያች ሴት ስትመረቅ የሰጠችኝ አንዲት የናስ ማያያዣ ተቀምጣለች። በአጠገቧ ባለፍኩ ቁጥር ሳላስበው ጎተት አድርጌ አያታለሁ።